አመጋገብና የበሽታ መከላከል አቅም በወረርሽኝ ወቅት

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ኅብረተሰቡ ደጋግሞ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ምን ዓይነት ምግብ ከበሽታው እንደሚጠብቅ ነበር። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሳምንታት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ በየገበያው እጅግ ተፈላጊ ሆነው እንደነበር ይታወሳል። ሰው ራሱንና ቤተሰቡን ለመጠበቅ በእጁ ያለውን ሁሉ መሞከሩ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ቅመም ወይም አንድን እንክብል እንደ ጋሻ መቁጠር ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል እጅ መታጠብን፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛን፣ ርቀትን መጠበቅንና ክትባትን ችላ ያሰኛል። በሌላ በኩል ለዕለት ምግብ ሊውል የሚገባውን የቤተሰብ ገንዘብ ይሻማል።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግድ ምግብ የለም። ነገር ግን ሰውነት የገባበትን ተሕዋስ የሚታገለው ከምግብ ባገኘው ኃይልና ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ለወራት የተበላው ምግብ ጥቅሙ በሕመም ቀን ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ የዕለት ገበታው ምን እንደጎደለውና ጉድለቱም በአቅራቢያው በሚገኝ ምግብ እንዴት እንደሚሟላ ነው።

የሰውነት መከላከያ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው የመከላከያ መስመር ቆዳ እንዲሁም የአፍንጫ፣ የጉሮሮ፣ የሳንባና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ጤናማና እርጥብ ሲሆን ብዙዎቹን ተሕዋስያን ከደጅ ይመልሳል። አጥሩን አልፈው የሚገቡትን ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጋፈጧቸዋል። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ያገኙትን ባዕድ አካል ውጠው ያጠፋሉ። ሌሎቹ ተሕዋሱን ለይተው ካወቁ በኋላ ፀረ እንግዳ አካላት የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ፤ የተሕዋሱንም መልክ በማስታወስ ለሌላ ጊዜ ይዘጋጃሉ። ክትባት የሚሠራው ይህን የማስታወስ ችሎታ በመጠቀም ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ስንቅ ይጠይቃል። ነጭ የደም ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት መባዛት ይኖርባቸዋል። ፀረ እንግዳ አካላትም የሚሠሩት ከምግብ ከሚገኝ ፕሮቲን ነው። ትኩሳት በራሱ ኃይል ይፈጃል፤ የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል በ10 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው በቀላሉ የሚታመመውና ሕመሙም የሚጠናበት በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ቀንሶ እጥረቱን ያባብሰዋል።

ጉዳዩ በሀገራችን ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት 57 ከመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶችም 24 ከመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ወረርሽኝ ገቢን ሲቀንስ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚተወው እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ አትክልቱንና ፍራፍሬውን ነው። ሆድ በእንጀራ ወይም በዳቦ ቢሞላም ሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ አያገኝም።

የተመጣጠነ ገበታ መሠረቶች

ምግቦች በሚሰጡት ዋና ጥቅም ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ቆጮ፣ ድንች፣ ዘይትና ቅቤ ኃይል ሰጪ ናቸው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አተርና አኩሪ አተር ሰውነትን ይገነባሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ በቫይታሚንና በማዕድናት የበለጸጉ በመሆናቸው በሽታ ተከላካይ ይባላሉ። ይህ አከፋፈል ለማስታወስ ይጠቅማል እንጂ መከላከያው በአንዱ ምድብ ብቻ የሚቆም አይደለም። ፕሮቲን የሌለው ገበታ ፀረ እንግዳ አካላትን ማሠሪያ ያሳጣል፤ ኃይል ሰጪ ምግብ ሲያንስም ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ለማገዶነት ይጠቀምበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆንም ያሳስባል። ለስላሳ መጠጦችንና ጣፋጭ ነገሮችን ማብዛት፣ እንዲሁም ቅባት የበዛበት ምግብ ማዘውተር ከልክ ላለፈ ውፍረት፣ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል። እነዚህ ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ሲያዙ በጽኑ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ቫይታሚኖችና ተግባራቸው

ቫይታሚን ኤ የአፍንጫን፣ የሳንባንና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ጤናማ አድርጎ ይይዛል። በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በወተትና በቅቤ ውስጥ ይገኛል። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ቆስጣና የሽፈራው ቅጠል ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ይህ ንጥረ ነገር በሚገባ የሚሰርገው ቅባት ሲያገኝ ስለሆነ ጎመኑም ሆነ ካሮቱ በጥቂት ዘይት ቢሠራ ይመረጣል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጣቸው የቫይታሚን ኤ ጠብታ በወረርሽኝ ወቅትም መቋረጥ የለበትም።

ቫይታሚን ሲ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያግዛል፤ ቁስል እንዲጠግና ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በሚገባ እንዲሰርግም ይረዳል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱን (ጓቫ)፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ዋና ምንጮቹ ናቸው። ጥሬ ቃሪያና ዘይቱን በእኩል ክብደት ሲለኩ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አላቸው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ45 እስከ 90 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን አንድ መካከለኛ ብርቱካን የዚህን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። ሰውነት ቫይታሚን ሲን በብዛት ስለማያከማች ትርፉ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ በጥቂቱ መመገብ አልፎ አልፎ በብዛት ከመውሰድ ይሻላል።

ቫይታሚን ዲ የመከላከያ ሕዋሳት ሥራቸውን በልክ እንዲያከናውኑ ይረዳል። በምግብ ውስጥ በብዛት ስለማይገኝ ዋና ምንጩ በቆዳ ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ይህን ጥቅም አይሰጥም። ቤት ውስጥ ብዙ የሚቆዩ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሕፃናት በግቢ ወይም በበረንዳ፣ ከሰው ርቀው፣ ፀሐይ ቢሞቁ ይጠቀማሉ።

ፎሌትና ሌሎች የቫይታሚን ቢ ዓይነቶች ለአዳዲስ የደም ሕዋሳት መፈጠር ያስፈልጋሉ። ጥራጥሬና አረንጓዴ ቅጠል ፎሌትን ይሰጣሉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው።

ማዕድናትና ተግባራቸው

ዚንክ ለነጭ የደም ሕዋሳት መባዛት አስፈላጊ ነው። በሥጋ፣ በጥራጥሬ፣ በዱባ ፍሬና በሰሊጥ ውስጥ ይገኛል። ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከተሰኘው የውሃ መተኪያ ጋር ዚንክ ለ10 ቀናት የሚሰጣቸው የሕመሙን ጊዜ ስለሚያሳጥርና ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ስለሚቀንስ ነው።

ብረት ደም ኦክስጅንን እንዲያጓጉዝ ያደርጋል፤ በመከላከያ ሕዋሳት ውስጥም ሥራ አለው። ከቀይ ሥጋና ከጉበት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይሰርጋል። ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘው ግን ድጋፍ ይሻል። ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን በዓሣ፣ በእንቁላልና በሥጋ ይገኛል፤ ሕዋሳት በሕመም ወቅት ከሚደርስባቸው ጉዳት ይጠብቃቸዋል።

ከምግቡ ይልቅ ከሰውነት የሚደርሰው

አንድ ምግብ በማዕድን መበልጸጉ ብቻውን በቂ አይደለም። ጤፍ በብረት ይዘቱ ይታወቃል፤ ሆኖም በላቦራቶሪ ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። ከዚህም በላይ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን አጥብቆ በመያዝ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይሰርጉ ያደርጋል።

ለዚህ ችግር የሀገራችን የምግብ አዘገጃጀት መፍትሔ ይዞ ይገኛል። ሊጥ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል። በሚገባ የቦካ እንጀራ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ የተሻለ ማዕድን የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ባቄላንና ሽንብራን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ሆነ በቆልት አድርጎ መመገብ ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ለሕፃናት ገንፎና አጥሚት የሚሆን እህልም ከመፈጨቱ በፊት ቢበቅል ይመረጣል።

ሁለተኛው ብልሃት ቅንጅት ነው። በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ገበታ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት ሰላጣ ማቅረብ፣ ወይም ሎሚ መጭመቅ፣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲሰርግ ይረዳዋል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ወይም ምግቡ እንዳበቃ ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያግዳሉ። ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ይህን ሊያስተውሉ ይገባል።

ሦስተኛው የአበሳሰል ጉዳይ ነው። ቫይታሚን ሲና ፎሌት በሙቀት ይጎዳሉ፤ በውሃም ሟሙተው ይወጣሉ። አትክልትን ከመክተፍ በፊት በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ለማብሰል ሲቃረቡ መክተፍ፣ በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ማብሰልና የተቀቀለበትን ውሃ አለመድፋት ይመከራል።

በአነስተኛ ወጪ ገበታን ማሟላት

ጥሩ አመጋገብ ውድ ምግብ ማለት አይደለም። ሽሮ ከምስር፣ ከአተርና ከባቄላ ተቀላቅሎ ሲዘጋጅ፣ ከእንጀራም ጋር ሲበላ የእህሉና የጥራጥሬው ፕሮቲን እርስ በርስ ይሟላል። ቆጮ ኃይል ቢሰጥም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ከጎመን፣ ከአይብ ወይም ከባቄላ ጋር ሊቀርብ ይገባል። በወቅቱ የሚደርስ ፍራፍሬ ከታሸገ ጭማቂ በዋጋም በጥቅምም ይበልጣል። በጓሮ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአሮጌ ባልዲ ውስጥ የሚተከል ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ በከተማም ቢሆን የቤተሰብን ፍላጎት ይደግፋል። አቅም ሲያንስ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚገኘውን እንቁላል ወይም ወተት ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ማስቀደም ተገቢ ነው።

በጾም ወቅት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀናት በላይ ይጾማሉ። የጾም ምግብ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ አብዛኛውን የሰውነት ፍላጎት ሊያሟላ ይችላል። ጥራጥሬን በየቀኑ ማካተት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ሱፍና ለውዝ መጨመር፣ አትክልትንና ፍራፍሬን ማብዛት ይገባል። በቫይታሚን ቢ12 በኩል የሚፈጠረውን ክፍተት በፍስክ ወቅት በሚበላ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ መሙላት ያስፈልጋል። በረመዳን የሚጾሙ የእስልምና እምነት ተከታዮችም በማፍጠሪያና በሱሑር ሰዓት በቂ ውሃ፣ ሾርባ፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ቢወስዱ ይበረታሉ። በሕመም ላይ ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ስለ ጾማቸው የሃይማኖት አባታቸውንና የጤና ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ወገኖች

ሕፃናት እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውሃን ጨምሮ ምንም አያስፈልጋቸውም። ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ከተጨማሪ ምግብ ጋር ጡት ማጥባቱ ይቀጥላል። የጡት ወተት ሕፃኑን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ይዟል። እናት በኮቪድ-19 ብትያዝ እንኳ እጇን በሳሙና ታጥባና አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች።

ነፍሰ ጡሮች በጤና ተቋም የሚታዘዝላቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ሳያቋርጡ ሊወስዱ ይገባል። አረጋውያን የምግብ ፍላጎታቸውና የውሃ ጥማታቸው ስለሚቀንስ በቤተሰብ ክትትል ለስላሳና ገንቢ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ሊቀርብላቸው ያስፈልጋል። የስኳር ሕሙማን፣ እንዲሁም የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን በምንም ዓይነት ምግብ ወይም ዕፅ መተካት የለባቸውም።

ስለ ቅመማ ቅመም፣ እንክብልና አልኮል

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ማርና ፌጦ በምግብነት ጠቃሚ ናቸው፤ ትኩስ መጠጣቸውም ጉሮሮን ያለሰልሳል። ነገር ግን ኮቪድ-19ን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያድኑ የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። በብዛትና በባዶ ሆድ መውሰዳቸው ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

የቫይታሚንና የማዕድን እንክብል የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው፣ በባለሙያ ትእዛዝ ሲወሰድ ነው። ያለ ልክ ሲወሰድ ጉዳት አለው። የበዛ ቫይታሚን ሲ ተቅማጥ ያስከትላል፤ ለኩላሊት ጠጠርም ሊያጋልጥ ይችላል። ቫይታሚን ኤና ዲ በሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ ይመርዛሉ፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ በተለይ ፅንስን ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የተወሰደ ዚንክ ደግሞ ሰውነትን መዳብ የተባለውን ማዕድን ያሳጣዋል።

አረቄም ሆነ ሌላ አልኮል መጠጣት በሰውነት ውስጥ ያለን ቫይረስ አይገድልም። እንዲያውም የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ጥንቃቄንም ያስረሳል።

የምግብ ንጽሕናና የማዕድ ሥርዓት

ከምግብ ዝግጅትና ከመመገብ በፊት እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ መታጠብ ያስፈልጋል። ሥጋና እንቁላል በሚገባ መብሰል፣ ወተት መፍላት አለባቸው፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለኮሶ፣ ለቲቢና ለሌሎች ሕመሞች ያጋልጣሉ። በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላትና መጎራረስ የፍቅር መግለጫ ቢሆንም በወረርሽኝ ወቅት ለየራስ በተለየ ሳሕን መመገብ ይመከራል። በተለይ በቤት ውስጥ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ሲኖር ይህ ሊታለፍ አይገባም።

በቤቱ ለሚያገግም ሕመምተኛ

የታመመ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ሲዘጋ፣ ሽታና ጣዕምም ሲጠፋበት ሰውነቱ የሚፈልገው ኃይል ግን ይጨምራል። ስለዚህ አጥሚት፣ የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ በፎርኖ ዳቦ የተዘጋጀ ፍትፍት፣ ሙዝና ፓፓያ የመሳሰሉትን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ይገባል። ትኩሳትና ተቅማጥ ውሃን ስለሚያሟጥጡ ፈሳሽ ደጋግሞ መውሰድ ያስፈልጋል። ከሕመሙ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ገንቢ ምግብን መጨመር የጠፋውን ጡንቻ ለመመለስ ይረዳል። የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ ግን በቤት ውስጥ እንክብካቤ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ወይም በ8335 ወይም በ952 መደወል ያስፈልጋል።

ሊታወሱ የሚገባቸው መልእክቶች

• ምግብ ኮቪድ-19ን አያግድም፤ ሰውነት በሽታውን የሚቋቋምበትን አቅም ግን ይገነባል።
• በየዕለቱ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሲቻልም የእንስሳት ተዋጽኦ ይካተት።
• ሊጥ በሚገባ ይቡካ፤ ጥራጥሬ ይዘፍዘፍ፤ ከሽሮና ከምስር ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይቅረብ።
• ሻይና ቡና ከምግብ በኋላ ለአንድ ሰዓት ይቆዩ።
• የቫይታሚንና የማዕድን እንክብል ያለ ባለሙያ ምክር አይወሰድ።
• የእጅ ንጽሕና፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ርቀትን መጠበቅና ክትባት በምግብ አይተኩም።